ብልኆችን መሰብሰብ ብቻውን ማኅበር አያቆምም

ብዙ ብልኅ ሰዎችን መሰብሰብና የተሰበሰቡትን አንድ ማኅበር ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፊተኛውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊፈጽመው ይችላል፤ የኋለኛው ግን ጊዜን፤ ሥርዓትንና ትሕትናን ይፈልጋል። በፈረንሳይ አገር የፓሪስ ሴንት ዠርሜን የእግር ኳስ ማኅበር ያለፈበት ታሪክ ለዚህ ነገር የታመነ ምስክር ነው።

ይህ ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ብራዚላዊውን ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ። በዚያው ዓመት ኪሊያን ምባፔን፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ሊዮኔል ሜሲን ጨመረ። በ2022 እና በ2023 ዓ.ም. የፈረንሳይን ሊግ ዋንጫ ቢወስዱም፤ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ እኩያ ባላጋራ በገጠማቸው ጊዜ ጉድለታቸው ተገለጠ። በ2022 ዓ.ም. በማድሪድ ከተማ በደርሶ መልስ 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፤ ካሪም ቤንዜማ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 3 ጎል አግብቶ ከውድድሩ አስወጣቸው። በ2023 ዓ.ም. በባየርን ሙኒክ በድምሩ 3 ለ 0 ተሸነፉ።

ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አልነበረም። ኳስ በእግራቸው ሳለች ሦስቱም ድንቅ ይሠሩ ነበር፤ ከእግራቸው በወጣች ጊዜ ግን ለማስመለስ የመድከሙ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ በሌሎቹ ላይ ይወድቅ ነበር። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 ዓ.ም. ሦስት አሠልጣኞች ስለ ተሰናበቱ፤ የተጫዋቹ ስም ከአዛዡ ቃል ይልቅ ከበደ።

ሜሲና ኔይማር በ2023፤ ምባፔ በ2024 ዓ.ም. ሄዱ። አዲሱ አሠልጣኝ ሉዊስ ኤንሪኬ፤ ኡስማን ዴምቤሌ ለማኅበሩ ያለበትን ግዴታ አልፈጸመም በማለት በ2024 ዓ.ም. ከአርሰናል ጋር ከተደረገው ግጥሚያ አስቀረው። በዚያ ቀን ማኅበሩ 2 ለ 0 ቢሸነፍም ሥርዓቱ ጸና። አዲሶቹም ተጫዋቾች ቢሆኑ በርካሽ የተገኙ አልነበሩም፤ ልዩነቱ ሁሉም መሮጣቸው ነው። በ2025 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ በተደረገው ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸንፈው፤ ማኅበሩ ያን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። የባላጋራን ተከላካዮች ሲያሳድድ የዋለው ዴምቤሌም በዚያው ዓመት የወርቅ ኳስ ተሸለመ፤ ለጓደኞቹ በመድከሙ የግል ክብሩ አልቀረበትም።

በማኅሌትም ድምፁ ያማረ ካህን ከጓደኞቹ ቀድሞ ቢሮጥ ጸናጽሉና ከበሮው ይለያያሉ፤ ዜማውም ይፈርሳል። በመሥሪያ ቤትም እያንዳንዱ ስሙ የሚጠራበትን ሥራ ብቻ መርጦ፤ መዝገብ መጠበቅንና ባለጉዳይ ማስተናገድን ለሌላ የሚተው ከሆነ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በደጅ ቆሞ በሚጠብቀው ሕዝብ ላይ ነው። ስለዚህ አለቃ የሆነ ሁሉ ሰው ሲመርጥ፤ ምን ያውቃል ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፤ ስሙ በማይጠራበት ሥራስ ይደክማልን ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።