መቶ በመቶ ማሳለፍ ዩኒቨርሲቲን ታላቅ አያደርግም

የመውጫ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፌስቡክ ገጾች የፉክክር አደባባይ ይሆናሉ። አንዱ «በእነዚህ ትምህርት ክፍሎች መቶ በመቶ አሳልፈናል» ይላል፤ ሌላው የማለፊያ ምጣኔውን በትልልቅ ፊደላት ይለጥፋል። ሰሞኑንም ያየነው ይህንኑ ነው። የተመራቂዎቹ ደስታ ደስታችን ነው። ተቋማቱ በዚህ ቁጥር ራሳቸውን ሲክቡ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልንም።

ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ካለፉት ተፈታኞች ብዛት የወደቁት መብለጣቸው፣ የትምህርት ጥራት ችግሩ የምር እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው እንዲሰጥ በመወሰኑ ቅሬታ የለንም። የማለፊያ ነጥቡ ግን 50 በመቶ ነው፤ ለዲግሪ የሚያበቃ ትንሹ መስፈርት ማለት ነው። በትንሹ መስፈርት የሚኩራራ ተቋም ስለ ትልቁ ምን ሊነግረን ይችላል?

የመጨረሻው ዓመት ምን እንደሚመስል ተማሪዎቹን መጠየቅ ይበቃል። መንፈቅ ዓመቱ ሳይጋመስ መምህራን በቱቶሪያል ይጠመዳሉ። በፈተናው ብሉፕሪንት ያልተካተተ ኮርስ ባለቤት ያጣል፤ በሞዴል ፈተና ላይ ሌላ ሞዴል ፈተና ይደረባል። ተማሪው የራሱን ጥያቄ አንስቶ ሊሠራው የሚገባው የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ለስሙ ያህል በቡድን ይዘጋጃል፤ በገንዘብ የሚያጽፈውም አይጠፋም። ይህን የሚያውቅ አማካሪ ፈርሞ ያሳልፋል። ጽሑፉን ማን ይቆጥረዋል? በማለፊያ ምጣኔው ውስጥ የለም!

በእኛ እምነት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ጥሩ የሚባለው ኮሌጅ፣ መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ አንብቦ፣ አርሞ፣ ተከራክሮ የሚመልስበት ነው። ቤተ ሙከራውም፣ ዶርሙም፣ ካፌውም ያስፈልጋል፤ ይህ ንባብና ክርክር ከሌለ ግን ሁሉም ሕንፃ ብቻ ነው። አንድ ሴክሽን በተማሪ ከታጨቀ፣ የፍሬሽማን ኮርስ ትናንት ለተመረቀ ረዳት ከተተወ፣ መምህሩም ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ብሎት ማታ ማታ በየግል ኮሌጁ የሚሮጥ ከሆነ ማን ያንብብ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ መቶ አይሞሉም ነበር። ወደዚያ እንመለስ አንልም፤ ዛሬ ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ የድሃ ልጆች በር ከፍተዋል። በሩን አልፎ የገባው ልጅ ግን በስሙ የሚያውቀው አንድ መምህር ሳያገኝ ጋውን ለብሶ መውጣቱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም ራስ ገዝ ለመሆን የሚሰናዱት፣ ከማለፊያ ምጣኔያቸው ጎን ሌላም ቁጥር ይለጥፉ። በአንደኛ ዓመት ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል? አንድ አማካሪ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይይዛል? የፍሬሽማን ኮርሶችን የሚያስተምሩት ምን ያህል ልምድ ያላቸው መምህራን ናቸው? ሚኒስቴሩም ተቋማትን ሲመዝን እነዚህን እንዲጠይቅ በአክብሮት እናሳስባለን። የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን የሚሞላ ልጅ ዛሬ በእጁ ያለው ወሬና የአውቶቡስ ርቀት ብቻ ነው። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ይድረሰው።