ለሰባት ፓውንዱ ውሻ ጥብቅና

ፊልም አዋቂ ነን ከሚሉ ወዳጆቼ ጋር በብዙ ነገር እስማማለሁ። በአንዱ ግን አንገናኝም። እነሱ «ቆሻሻ» የሚሏቸውን፣ በጥቂት ገንዘብ ተሠርተው ወንበዴ በውሻ የሚጋለጥባቸውን የጥንት ፊልሞች እኔ እወዳቸዋለሁ። «የልጅነት ትዝታ ይሆናል» እያሉ ሊያስተባብሉልኝ ይሞክራሉ። ምሕረታቸውን አልፈልግም!

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። በ1905 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሴሲል ሄፕወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» የተሰኘች፣ ከሰባት ደቂቃ የማትበልጥ ፊልም አወጣ። የፈጀችው ገንዘብ 7 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ ነው። አባት ሆኖ የሠራው ራሱ ሄፕወርዝ፣ እናቲቱ ሚስቱ፣ ሕፃኗ የገዛ ልጃቸው፣ ጀግናው ደግሞ ብሌየር የሚባለው የቤታቸው ውሻ ነበር። አንዲት ለማኝ ሕፃኗን ሰርቃ ትሰወራለች፤ ውሻው በመስኮት ዘሎ ይወጣል፣ ወንዝ ዋኝቶ ይሻገራል፣ በድሆች ሰፈር በሮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ካገኛት በኋላ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ጌታውን ያመጣል። ሕዝቡ ፊልሟን ከመውደዱ የተነሣ ኔጌቲቩ በቅጂ ብዛት አልቆ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተቀርጻለች።

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥበቡ?» ይሉኛል። ጥበቡማ ሩጫው ነው። ካሜራው ቆሞ ይጠብቃል፤ ውሻው ከሩቅ ብቅ ብሎ እየቀረበ ይተልቃል። ሲመለስ ያንኑ ማዕዘን፣ ያንኑ ወንዝ ስናይ እኛም ሰፈሩን ለምደነዋል። አንድም ቃል ሳይነገረን የት እንዳለንና ምን ያህል እንደቀረን እናውቃለን። ዛሬ ስንት ሚሊዮን ፈሶበት ማን ማንን እንደሚያሳድድ የማይለይበት ፊልም ሞልቶ የለም እንዴ?

በእኛ ቋንቋ ሰውን «ውሻ» ማለት ስድብ ነው፤ ለውሻ ጀግንነት ሲመሰከር ቶሎ የሚያስቀን ምናልባት ይኸው ይሆናል።

ሁሉም ነገራቸው ያምር ነበር አልልም። በሮቨር ፊልም ሀብታሙ ደግ፣ ድሃዋ ሌባና ጠጪ ናት፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል። ግን ደግሞ ፖሊስ አይመጣም፣ ዳኛ አይቀመጥም። ለማኟ ተመልሳ ሕፃኗን ስታጣ፣ በቀሩት ልብሶችና በጠርሙሷ ተጽናንታ ትቀመጣለች። ወንጀለኛን እንዲህ ከነብቸኝነቱ ትቶ የሚሄድ ስንት ፊልም አለ?

አሁን ደግሞ ወደ 2020 እንሻገር። «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ» ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፤ ውሻው ግን በቦታው አልነበረም። በቀረጻው ላይ የውሻውን ቦታ ይዞ ያጎነበሰው ሰው ነው፤ የቀረውን ኮምፒዩተር ሠራው። እንስሳ አለመንገላታቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በድሮው ዘመን ለውሾቹ ብዙ የሚጨነቅ አልነበረምና በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ያ የኮምፒዩተር ውሻ ሁሉን ያውቃል፤ ቅንድቡን እያነሣ ማዘን ባለብን ቦታ ቀድሞን ያዝናል። ብሌየር ሕፃን መሰረቋን አያውቅም። የሚሮጠው ጌታው ስለጠራው ነው፤ ጀግንነቱን የምንጨምርለት እኛው ተመልካቾቹ ነን። የሚናደኝ ይህን ድርሻችንን ወስደው መልሰው ሊሸጡልን መሞከራቸው ነው።

በ1918 አንድ አሜሪካዊ ወታደር ፈረንሳይ ውስጥ፣ በቦምብ ከፈራረሰ የውሾች ማደሪያ ያነሣው ሪን ቲን ቲን የመጨረሻ ሥራው ማስኮት የተባለው ድሃ ድርጅት በ1931 ያወጣው ባለ 12 ክፍል «ዘ ላይትኒንግ ዋሪየር» ነበር። ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ አለ፤ ማንነቱ እስከ መጨረሻ አይታወቅም። ውሻው ያን ጊዜ 13 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበርና ለከባዱ ሩጫ ተተኪ ውሾች ይገቡለት ነበር። በዓመቱ ሞተ። ወዳጆቼ ተተኪው የቱ ጋ እንደገባ እየቆጠሩ ይስቃሉ። እኔ ሽማግሌው ራሱ ብቅ የሚልበትን እጠብቃለሁ።