ሩብ ኪሎ የማትሞላው ጣጣ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር አሌክሳንድሪያ ወዳለው አፓርታማዬ የጫማ ካርቶን በሚያህል ሳጥን ድሮን ይዞ መጣ። ለምርቃቱ ጓደኞቹ አዋጥተው የገዙለት ናት። ክብደቷ 249 ግራም። እናቴ ተቀብላት በመዳፏ መዘን መዘን አደረገችና «ይቺማ ሩብ ኪሎ ቡና አትሞላም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቺ ናት እንዴ ድሮን የሚሏት?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ከወሎ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው። ልጁ ጥያቄዋ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል፤ ግን ወሬ ቀየርኩ።

ልጁ ከበረንዳዬ አስነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ መቅረጽ አምሮታል። «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ካልተፈቀደ እኮ ራሷ እምቢ ትላለች!» ብሎ ተከራከረኝ።

ይሄ ክርክር ድሮ ያስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2015 ገና ሳይነጋ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ፣ ለጨዋታ ያስነሣት ድሮን ከቁጥጥሩ ወጥታ የኋይት ሐውስ ሣር ላይ ወደቀች። ብዙም ሳይቆይ አምራቹ ዲጄአይ ድሮኖቹ ዋሽንግተን ዙሪያ ጭራሽ እንዳይነሡ በሶፍትዌር አሰራቸው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2025፣ ያው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ እስሩን ፈታና በማስጠንቀቂያ ተካው። አሁን ስክሪኑ ያስጠነቅቅሃል፤ አይተህ ማለፍ ግን ትችላለህ። ብዙ ሰው ይህን ለውጥ አልሰማም። «ተነሣችልኝ፣ ስለዚህ ተፈቅዷል» ብሎ የሚያስበውም ለዚህ ነው።

የኛ ሰው በብዛት የሰፈረበት አካባቢ ደግሞ በመላ አሜሪካ ለድሮን ጨዋታ ከማይመቹ ቦታዎች ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። ሬገን ኤርፖርትን መሐል አድርገህ 15 ማይል ዙሪያውን ብታከብ፣ አሌክሳንድሪያም፣ አርሊንግተንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ዲሲ ራሷም ውስጥ ይገባሉ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ወዲህ ይህ ክብ ልዩ ፈቃድ ለሌለው ሰው ዝግ ነው። የራስህ ጓሮ ቢሆንም ዝግ ነው። ሩብ ኪሎ አለመሙላትም አያድንም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከ250 ግራም በታች የሆነችን ድሮን ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ከምዝገባ ነፃ ነው፤ ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ከፍሎ ቁጥር አይለጥፍባትም፤ «ሪሞት አይዲ» የሚባለውን፣ ማንነቷንና ያለችበትን የሚያሰራጨውን መሣሪያም አትሸከምም። ከምዝገባ ነፃ መሆን ግን ከአየር ክልል ሕግ ነፃ መሆን አይደለም። ሕጉ ስለ ክብደቷም ስለ ቦታዋም ይጠይቃል፤ ለየብቻ።

ከ15 እስከ 30 ማይል ያለው ሁለተኛው ቀለበት ለቀቅ ይላል። ጀርመንታውን ለምሳሌ እዚያ ውስጥ ነው። እዚያ ከ400 ጫማ ሳያልፉ፣ ከዓይን ሳያርቁ፣ አየሩ ጥርት ባለበት ሰዓት፣ ከሌላ አውሮፕላን ርቆ ማብረር ይቻላል። 400 ጫማ 120 ሜትር ገደማ ነው፤ 555 ጫማ የሆነው የዋሽንግተን ሐውልት ከዚያ በላይ ይረዝማል። ደለስ ኤርፖርት አጠገብ የሚኖር ሰው ግን ቀለበቱ ቢለቀውም ማማው አይለቀውም። ከቁጥጥር ማማው ዙሪያ ያለው አየር በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ካሬ ላይ የከፍታ ጣሪያ ተጽፏል። 200 ከሆነ፣ «ላንስ» በሚባለው ሥርዓት በስልክህ ጠይቀህ በደቂቃ ውስጥ ሊፈቀድልህ ይችላል። 0 ከሆነ ግን ድሮንህን ይዘህ ወደ ቤትህ።

እስከዚህ ያለው ስለ አየሩ ነው። የአየሩ ባለቤት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው፤ ሰዎች የሚያዩት ካርታም የእሱን ነው። ካርታው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የሚያጋጥምህ ጣጣ ግን ከመሬቱ ነው። እኔና ልጁ ከቀለበቱ ወጥተን አንድ ትልቅ መናፈሻ ደረስን፤ ሜዳው ሰፊ፣ ሰው የሌለበት። በሩ ላይ ግን ድሮን ማስነሣትም ማሳረፍም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ልጁ ስልኩን እያሳየኝ «ካርታው ይፈቅዳል እኮ!» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አየሩ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው። ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ድሮን ከግቢያቸው እንዳይነሣ ከልክለዋል፤ ቅጣቱም እስከ 5,000 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስራት ይደርሳል። ብዙ ካውንቲዎችም ለመናፈሻዎቻቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አገር ቤት መስክ ላይ ከብት የሚነዳ ልጅ የግጦሹን ባለቤት የውሃውንም ባለቤት ለይቶ ያውቃል፤ እኛ ግን እዚህ መጥተን ሰማይና ምድር አንድ ባለቤት ያላቸው መሰለን።

እንዲያም ሆኖ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጣላን ሦስተኛው ነው። ለማን ነው የምታበርረው? ለመዝናኛ የሚለው ሕግ የሚያገለግለው ለራሱ ለመዝናናት ለሚያበርር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን «ትረስት» የምትባል ነፃ የኢንተርኔት ፈተና መውሰድ አለበት፤ ብትሳሳት ታርምሃለች እንጂ አትጥልህም። ልጁ አቦሉ ላይ ጀምሮ በረካው ሳይደርስ ጨረሳት። በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ደወለችለት፤ የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ከላይ ቀርጾ ለገጻችን እንዲሰጠን። በነፃ ነው፣ ለበረከት ነው።

እዚህ ላይ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከእኛ ባህል ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። ለአንድ ትምህርት ቤት ገጽ ብሎ ጨዋታ መቅረጽ መዝናኛ አይደለም ይላል፣ ሳንቲም ባይከፈልበትም። በጎ ፈቃድም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ለሥራ ደግሞ «ክፍል 107» የሚባለው ሕግ አለ፦ 16 ዓመት የሞላው፣ 175 ዶላር ከፍሎ 60 ጥያቄ ተፈትኖ ቢያንስ 70 በመቶ ያመጣ ሰው። በየሰርጉ ሙሽሮች ላይ ድሮን ከሚያንዣብቡት የእኛ ቪዲዮ አንሺዎች መካከል ይህን ወረቀት ኪሳቸው የያዙ ስንት እንደሆኑ እነሱው ያውቃሉ። እኔ ሕጉ እዚህ ጋ ጠበብ ያለ ይመስለኛል፤ ለዕድሩ፣ ለማኅበሩ፣ ለጎረቤቱ ብሎ የማይሠራ ሐበሻ የት ይገኛል? ግን ደግሞ ደመራ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ራስ ላይ ባትሪዋ ያለቀባት ድሮን ስትወርድ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁና አፌን ዘጋሁ። ልጁ ለቄሱ ስልክ ደውሎ በትሕትና እምቢ አለ። ከድሮኗ በላይ ያኮራኝ ይሄ ነው።

የከበደውን ጥፋት ማየት የፈለገ ሎስ አንጀለስን ያስታውስ። በጥር 2025 የፓሊሴድስ እሳት ሲነድ፣ አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ካለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ድሮን አስነሥቶ እሳቱን ሊያይ ላከው። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዓይኑ ጠፋበት፤ ውሃ የሚረጭ አውሮፕላን ክንፍ በሳ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፣ ነገር ግን እሳት ማጥፋቱን ትቶ ለጥገና ቆመ። «ከዓይንህ አታርቃት» የሚለው ሕግ የፈሪ ሕግ ይመስላል፣ እንዲህ ያለው ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ክረምት ላይ አገር ቤት ለሰርግ የምትሄዱ ደግሞ እዚህ የተማራችሁትን ሁሉ ቦሌ ላይ ርሱት። ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ድሮን ይዞ የሚወርድ ሰው ጉምሩክ ላይ አስረክቦ ነው የሚያልፈው። እዚያ ጨዋታ አይደለም።

በመጨረሻ መሬት ያገኘነው ከፍሬድሪክ በስተደቡብ ምዕራብ፣ አንድ ወዳጄ በቆሎ ከሚዘራበት እርሻ ነው። ከ30 ማይሉ ውጭ ነው፤ ከፍሬድሪክ ኤርፖርትም፣ በስተሰሜን ካለው ፕሬዚዳንቱ ሲመጣ ክልከላው ከሚሰፋው ካምፕ ዴቪድም ራቅ ያለ። ልጁ የዕለቱን ካርታ አየ፣ ወዳጄን አስፈቀደ፣ ድሮኗን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ንብ የምታህል ድምፅ አሰማችና ሽቅብ ሄደች። በቆሎው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ በስክሪኑ አየነው። «አያቴ፣ ነይ እዪ!» ብሎ ተጣራ።

እናቴ ከመኪናው አልወጣችም። መስኮቱን ዘግታ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሰማዩን ሳይሆን ጉልበቷን እያየች ተቀምጣለች። ሄጄ በሩን ስከፍት «ወረደች?» አለችኝ። ልጁ ሰምቷት ኖሮ፣ ሳልነግረው፣ ድሮኗን አወረዳት።