አጥፍቶ ማብራት ጥገና አይደለም

«ማታ ከመውጣታችሁ በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አብሩ» የሚል ወረቀት በአንድ ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለወራት ቆይቶ ነበር። ወረቀቱን የለጠፍነው እኛው ራሳችን ነን። ትእዛዙን የፈጸመ ሁሉ በማግስቱ ሥራውን ያለ ችግር ይጀምራል፤ የዘነጋ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ማሽንና የጠፋ የልኬት ውጤት ይጠብቀዋል። ምክንያቱን ለሚጠይቁን «መብራት ስለሚቆራረጥ ነው»፣ «ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» እያልን እንመልስ ነበር። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ስህተት መሆኑን ያስተማረን ደግሞ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው።

በቤተ ሙከራው ውስጥ ከጨረር መመርመሪያ የሚወጡ የኤሌክትሪክ ምልክቶችን የሚቆጥርና በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ነበረን። ሰርቨሩ አንድ ብቻ ስለነበረ በላዩ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ፈጥረን አንዱን ለዚህ ሥራ መደብን። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በሶፍትዌር አማካይነት የተፈጠረ፣ ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒዩተር የሚቆጥር፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ ሊኑክስን ጫንን፤ መሣሪያውን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨርም ራሳችን ጻፍን። ይህ ድራይቨር የሚሠራው ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው።

ከርነል ማኅደረ ትውስታን፣ በተለምዶ ሜሞሪ የምንለውን፣ እንዴት እንደሚያስተዳድር ለመረዳት የጅማ ተማሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ወደ ግብይቱ ካስገባ ወዲህ ጅማ፣ ቦንጋና በደሌ የመጋዘን ደረሰኝን ምንነት በሚገባ ያውቁታል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ቡና ጭኖ የመጣ አቅራቢ ቡናው ተመዝኖና ደረጃው ወጥቶለት ወደ መጋዘን ሲገባ ደረሰኝ ይቀበል ነበር። ከዚያ በኋላ ግብይቱ ይካሄድ የነበረው ጆንያው እየታየ ሳይሆን ደረሰኙ ታምኖ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ድራይቨር ቦታ ሲያስፈልገው ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉም ቦታውን መድቦ የቦታውን ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር ደረሰኙ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደረሰኙን መመለስ የድራይቨሩ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ዓይነት ስህተቶች ይወለዳሉ። አንደኛው፣ ቡናው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ደረሰኙን ሳይመልሱ መቅረት ነው። ቦታው ባዶ ነው፤ መዝገቡ ግን «ተይዟል» ይላል፤ ስለዚህ ለማንም አይሰጥም። ሁለተኛው፣ አሥር ጆንያ የሚይዝ ቦታ ተቀብሎ አሥራ አንደኛውን በጎረቤት ቦታ ላይ መጫን ነው። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ደረሰኙን ከመለሱ በኋላ ግልባጩን ይዞ መመላለስና በዚያው ቦታ ላይ የገባውን የሌላ ሰው ቡና የራስ እንደሆነ አድርጎ መነካካት ነው። ሦስቱም ስህተቶች በተፈጸሙበት ቅጽበት ድምፅ ላያሰሙ ይችላሉ፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆይቶ፣ ያውም በሌላ ስፍራ ነው።

በቨርቹዋል ማሽን ላይ ደግሞ ነገሩ ይደራረባል። ይህ የአንድን ትልቅ መጋዘን ከፊል ተከራይቶ የራሱን መዝገብ እንደሚይዝ ነጋዴ ነው፤ እርሱ «1ኛ ቦታ» የሚለው ለባለ መጋዘኑ 500ኛው ሊሆን ይችላል። ባለ መጋዘኑ ቦታ ሲያጥረው ከተከራዩ መልሶ የሚወስድበት «ፊኛ» የሚባል ድራይቨርም አለ። ፊኛው በተከራዩ ክልል ውስጥ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቦታ ይጠይቅና የተሰጠውን ለባለ መጋዘኑ ያስረክባል። እንግዲህ ሜሞሪ ሲያልቅ ጥፋተኛው ማን ነው? ድራይቨራችን ነው? ፊኛው ነው? ወይስ ከታች ያለው ሰርቨር ነው?

ከላይ የጠቀስነው ተማሪ ይህን ጥያቄ በክርክር ሊፈታው አልሞከረም፤ ለካው እንጂ። ሊኑክስ ስለ ሜሞሪው የሚያወጣውን ዘገባ በየአሥር ደቂቃው እየመዘገበ በግራፍ ወረቀት ላይ አኖረው። ጠቅላላው የሜሞሪ መጠን አልተለወጠም፤ ፊኛው ቢሆን ኖሮ እርሱ ይቀንስ ነበር። ከርነሉ ይዞት የማይለቀው ክፍል ግን በቀጥታ መስመር ያድጋል። ቀጥሎም ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ሊያደርገው የሚገባውን አደረገ፤ የጨረር ምንጩን ከመመርመሪያው አራቀው። የመስመሩ ተዳፋት ወዲያውኑ ቀነሰ። ምንጩን መለሰው፤ ተዳፋቱም ተመለሰ። ጥፋቱ ከመብራትም ሆነ ከቫይረስ ጋር እንደማይገናኝ፣ ከምልክቶቹ ቁጥር ጋር ግን አብሮ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ታወቀ።

የቀረው ስሌት ነበር። የሚጠፋው ሜሞሪ በሰከንድ 12,800 ባይት ያህል ነው። ድራይቨሩ ደካማ ናቸው ብሎ የሚጥላቸው ምልክቶች በሰከንድ 200 ገደማ ናቸው። 12,800 ለ200 ሲካፈል 64 ይሆናል፤ ለአንድ ምልክት የምንመድበው መዝገብ ደግሞ በትክክል 64 ባይት ነበር። ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ባይት ያህል ይሆናል፤ 2 ጊጋባይት ብቻ የተመደበለት ማሽን በሁለተኛው ቀን የሚወድቅበት ምስጢር ይህ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው ኬሜምሊክ የተባለ መሣሪያም ማንም የማይጠቁማቸውን የሜሞሪ ቦታዎች ፈልጎ ዝርዝራቸውን ሲያወጣ ጣቱን በዚያው ስፍራ ላይ ቀሰረ። ድራይቨራችን ደካማውን ምልክት ሲጥል ደረሰኙን አይመልስም ነበር። የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ ያንንም የዘነጋነው እኛ ነን።

አጥፍቶ ማብራት ለምን «ይፈውስ» እንደነበር አሁን ግልጽ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲዘጋ ከርነሉ የያዘውን ሁሉ ይረከበዋል። ከርነሉ ራሱ የዘነጋውን የሚረከብ ግን ማንም የለም፤ መዝገቡ የሚጸዳው ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀታችን በየምሽቱ ማስረጃውን ያጠፋ ነበር። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እኛ በሽታውን መደበቃችን ሳያንስ መደበቁን የቤተ ሙከራ ደንብ አድርገነው ነበር።

ይህ የአንዲት ቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድን ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ባሠራጨው ማሻሻያ ምክንያት፣ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚሠራ አንድ ድራይቨር ከተፈቀደለት የሜሞሪ ክልል ውጭ አነበበ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገሮች በረራዎች ተሰረዙ፣ የሆስፒታሎችና የባንኮች አገልግሎት ተስተጓጎለ። ብዙዎቹ ማሽኖች ጠፍተው ሲበሩ ያንኑ ድራይቨር ጭነው እንደገና ይወድቁ ነበር። አጥፍቶ ማብራት እንኳ የማይሠራበት ቀን ሲመጣ የሚያድነው ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ለሳይንስና ለምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዱ የኮምፒዩተርና የፊዚክስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አንድ አነስተኛ ድራይቨር ይጻፍ፤ ሆን ብሎም ያበላሸው፤ ከዚያም ጥፋቱን በልኬት ይድረስበት። ነጥብ የሚሰጠውም ማሽኑን በማስነሣቱ ሳይሆን ለምን እንደወደቀ በማስረዳቱ ይሁን። በእውነተኛ ማሽን ላይ ከርነልን ማበላሸት ለሠላሳ ተማሪዎች የተመደበውን ኮምፒዩተር ማሳጣት ነው፤ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን ከሙከራው በፊት የተቀመጠውን ቅጂ መመለስ ብቻ ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሊኑክስም ሆነ ኬቪኤም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

«ሶፍትዌር ከውጭ ለምናስገባ ለእኛ ከርነል ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ከውጭ የገባው ማሽን የሚበላሸው ግን እዚሁ ነው፤ ሌሊት ሲቆም የሚጠራውም የእኛ ተመራቂ ነው። ሌሎች ደግሞ እንደ ረስት ያሉ አዳዲስ የፕሮግራም ቋንቋዎች እነዚህን ስህተቶች እንደሚያስቀሩ ይናገራሉ። እውነት አላቸው፤ ረስት ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ነገር ግን አብዛኛው የከርነሉ ክፍል ዛሬም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በረስትም ቢሆን ደረሰኝን ሳይመልሱ መርሳት ይቻላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ድራይቨር በሚጽፍበት በዚህ ዘመን ደግሞ ያልጻፍነውን ኮድ መርምሮ ማስረዳት ይበልጥ ያስፈልገናል።

የግድግዳው ወረቀት ዛሬ የለም። በምትኩ የተማሪው ግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ከማስተካከያው በኋላ የተወሰደው ልኬት አለ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይጠፋ የሠራ ማሽን ያሰመረው አግድም መስመር። ውድ ተማሪዎች፣ በምትሠሩበት ቤተ ሙከራ ውስጥ «አጥፍታችሁ አብሩ» የሚል ወረቀት ብታገኙ፣ ትእዛዙን ከመፈጸማችሁ በፊት ግራፍ ወረቀትና እርሳስ አንሡ።