ሁልጊዜ ተኝቶ የሚገኝ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጅ ልጄ ጫማ ልገዛ ዱባይ ተራ ወጥቼ ነበር። ባለሱቋ ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ልጅ አላት፤ ከገበያው ጀርባ እየተከፈላት ልጆች የምትጠብቅ ሴት ጋ ይውላል። «እማማ፣ ሞግዚቷ ጎበዝ ናት፤ ስሄድ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው» አለችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቀን ላይ ቢተኛ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሲቀሰቅሱትም የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ሽሮፕ ተሰጥቶት እንደሆነ መጠየቅ ነው። አንዳንዱ የጉንፋን ሽሮፕ ያስተኛል፤ የሕፃን ትንፋሽ እስከማዳከምም ይደርሳል።

አልፈረድኩባትም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለራሷ የምትነግደዋን ማን ይተካላት?

«ልጄ፣ ሳትናገሪ በአምስት ሰዓት ሂጂ» አልኳት። ስንት ልጅ ይዛለች? ሽንት ጨርቅ ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች? ልጁን በስሙ እየጠራች ታጫውተዋለች? ምን በላ፣ ምን አስለቀሰው ስትባል ሥራዋን የምታውቅ ሞግዚት ትናገራለች። «ደህና ዋለ» መልስ አይደለም።

ሂሳቤን ከፍዬ ስወጣ ሱቁን ለጎረቤቷ አደራ እያለች ነበር።