ያልተደረገውን ጨዋታ ትኬት ቁረጡ

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም በር ከተዘጋ ሦስት ወር ሞላው። ከተመልካች መቀመጫዎቹ ካታንጋ ዝም ብሏል። ሚስማር ተራ ዝም ብሏል። ከማን አንሼ ላይ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጨፍር የለም። ውሃና ቆሎ የሚያዞሩት፣ ስካርፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚሸጡት ልጆች የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ቀናት ሳይቆጠሩ ስፖርቱ ቆመ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አራት ሰው! አራቱ ተከላካዮች ከበረኛቸው ጋር እንኳ አንድ ላይ ቆመው ማውራት አይችሉም ማለት ነው። ከዚያ ፌዴሬሽኑ የዓመቱን ውድድር ሰረዘው፤ ሻምፒዮን የለ፣ ወራጅ የለ። ልክ ነው፣ መሰረዝ ነበረበት። ሕይወት ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም።

ግን ውድድሩ ተሰረዘ እንጂ ወጪው አልተሰረዘም።

የካምፑ ኪራይ አለ። የጥበቃው ደመወዝ አለ፣ የሾፌሩ አለ፣ የወጌሻው አለ። አብዛኛው ክለባችን የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከአንድ ድርጅት በሚቆረስለት በጀት ነው። ያ በጀት ዛሬ ወደ ለይቶ ማቆያና ወደ ማስክ እየሄደ ነው፤ መሄድም አለበት። የበሩ ገቢ ደግሞ ዜሮ ነው። ታዲያ ክለብ ሲጨንቀው መጀመሪያ እጁ የሚያርፈው የት ይመስላችኋል? ታዳጊዎቹ ላይ። ሴቶቹ ላይ።

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችንን ቡድን ማልያ የሚያጥቡት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ብቻዬን፣ ማስኬን አጥልቄ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ። ማልያዎቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተከተው አልጋው ሥር ተቀምጠዋል። አውጥተው አሳዩኝ። 9 ቁጥሩ ከላይ ነው፤ ብብቱ ሥር ተተርትሮ በእጃቸው ሰፍተውታል። ክሩ ከማልያው ቀለም ጋር አይሄድም። «ለመጋቢቱ ጨዋታ ልደርስ ብዬ ያገኘሁትን ክር ነው የያዝኩት» አሉኝ። የሚከፈላቸው በጨዋታ ነው። ጨዋታ የለም። ስለ ገንዘብ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። የጠየቁኝ፣ «ልጆቹ በልተው ያድራሉ?» ብለው ነው።

መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መልስ የሚሆን ሐሳብ ያገኘሁት ከሩቅ ነው። በጀርመን፣ በላይፕዚግ ከተማ፣ ሎኮሞቲቭ የሚባል ክለብ አለ። በዚህ በ2012 ዓ.ም. የሚጫወተው በአራተኛው እርከን ነው። ደህና ቀን ግን አይቷል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከፈረንሳዩ ቦርዶ ጋር ሲጫወት 120 ሺህ ያህል ሰው ስታዲየም ገብቶ እንደነበር ይነገራል። ኮሮና በሩን ሲዘጋበት ይህ ክለብ ምን አደረገ? የሌለ ጨዋታ ትኬት ሸጠ። ዋጋው 1 ዩሮ። ተጋጣሚው የማይታየው ጠላት። ያን የድሮውን 120 ሺህ እንብለጥ ተባባሉ፤ ከ150 ሺህ በላይ ትኬት ተሸጠ። ኳስ አልተመታም፣ ዳኛ ፊሽካ አልነፋም፣ ማንም ከቤቱ አልወጣም። የሞንሼንግላድባህ ደጋፊዎችም 19 ዩሮ እየከፈሉ የራሳቸውን ምስል በካርቶን አሠርተው መቀመጫቸው ላይ አቆሙት። እኛ ካርቶኑ ይቅርብን፤ የትኬቱን ሐሳብ ግን እንውሰድ።

መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ጎረቤት ሲሞት ድንኳን የምንተክል፣ ንፍሮ የምንቀቅል፣ የቀረውን እድርተኛ የምንቀጣ ሕዝብ ነን። ለክለባችንስ የምንደርሰው ከተቀበረ በኋላ ነው? አሁን እንድረስ፣ ትንፋሹ ሳለ!

ሊጉ ሲቆም ሁለተኛው ዙር ገና መጀመሩ ነበር። እያንዳንዱ ክለብ ስድስት ወይም ሰባት የሜዳው ጨዋታ ቀርቶበታል። የስድስቱን ትኬት ቁረጡ። ስድስቱ ከከበዳችሁ ሦስቱን። ሦስቱ ከከበዳችሁ አንዱን። ሥራ የቆመባችሁ፣ ዛሬ ለእራት የምታስቡ፣ ምንም አትክፈሉ፤ ከእናንተ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ለአንድ ተጫዋች ደውሉና «አለን» በሉት። በጎል ቀን ስሙን ስንዘፍንለት የነበረ ልጅ በዚህ ሰሞን ስልኩ እንደማይጮህ ታውቃላችሁ?

የሰፈር ቡድን ያላችሁም በጨዋታ የሚከፈላቸውን ሰዎች ፈልጉ። የሚያጥቡትን፣ መስመር የሚያሰምረውን፣ ኳስ የሚነፋውን። ስማቸው በየትኛውም ደመወዝ መክፈያ ላይ የለም።

ግን አትሰብሰቡ። በሩ ላይ ሳጥን ይዛችሁ አትቁሙ፤ በክለብ ፍቅር አባቶቻችንን ለበሽታ አናጋልጥ። ስልካችሁ ላይ ባንክ አለ።

የክለብ አመራሮች፣ እናንተም ስሙ። ደጋፊ ሲሰጥ ደረሰኝ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ክለብ አውቶቡስ መግዣ ተብሎ አዋጥቼ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። አውቶቡሱን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። ያ አይደገም! ስንት እንደገባ፣ ለማን እንደወጣ በየሳምንቱ ለጥፉ። ፊፋ በሚያዝያ ወር ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን 500 ሺህ ዶላር እንደሚለቅ አስታውቋል፤ የእኛም ፌዴሬሽን ድርሻው እስከ ታች እንዴት እንደሚወርድ በአደባባይ ይንገረን። ደመወዝ መቀነስ ግድ ከሆነም ከላይ ጀምሩ። የሴቶቹን ቡድን አትበትኑ። ታዳጊዎቹን አትበትኑ።

የ16 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ከሜዳ ከራቀ አይመለስም። እንጀራ ይጠራዋል። ሸክም ይገባል፣ የታክሲ ረዳት ይሆናል፣ ታኬታውን ይሸጠዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. በዚሁ በተዘጋው ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ፣ ያ ቡድን ከሰማይ አልወረደም። ከሰፈር ሜዳ ነው የወጣው። አቧራ ላይ በጨርቅ ኳስ ሲጫወት አንድ ሰው አይቶት፣ አንድ ሰው አብልቶት፣ አንድ ሰው «ነገም ና» ብሎት ነው። ነገም ና የሚል ሰው ሁኑ።

ሯጮቹንም አንርሳ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደ 2021 እ.ኤ.አ. ተገፍቷል፤ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው የቦስተን ማራቶንም ዘንድሮ ተሰርዟል። ስም ያለው አትሌት የቆጠበው ይኖረዋል። አሯሯጩስ? ሱሉልታና ሰንዳፋ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዲት የውጭ ውድድር ሲጠብቁ የከረሙትስ? የምታውቁት ሯጭ ካለ የአንድ ወር ኪራይ ቻሉለት። አከራዮች፣ አታስወጧቸው። ተከራይ ማስወጣትን የ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከልክሏል፤ ግን አዋጁን ፈርታችሁ ሳይሆን ነገ ባንዲራ ለብሰው ሲሮጡ «እኔ ቤት ነበር» ለማለት ስትሉ።

በአሜሪካ ያላችሁ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋችሁ የሚያገናኛችሁ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ዘንድሮ ቀርቶባችኋል። ናፍቆቱ ይገባኛል። ለአውሮፕላንና ለሆቴል ያሰባችሁትን ሁሉ አይደለም የምለው። የአንዱን ምሽት ብቻ፣ ያደጋችሁበት ሰፈር ላለ ቡድን ላኩት።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ማታ አይደለም፣ ደመወዝ ሲገባ አይደለም፣ አሁን። የሂሳብ ቁጥሩን ከክለቡ ከራሱ ጠይቁ፤ በቴሌግራም የሚዘዋወር ቁጥር አትመኑ። ልኩን ጻፉ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምትቀመጡበትን ጻፉ። ካታንጋ የሆናችሁ ካታንጋ። ጥላ ፎቅ የሆናችሁ ጥላ ፎቅ። ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ ጅማ ያላችሁም እናንተው የምታውቁትን ስም ጻፉ። ሂሳብ ክፍሉ ያንብበው፤ ባዶው ስታዲየም ወንበር በወንበር ይሙላ።

እኔ ዛሬ ጠዋት ልኬያለሁ። «ሚስማር ተራ፣ ከታች ሦስተኛው ደረጃ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከጎኔ ያለው ቦታ ገና ክፍት ነው።