ሠዓሊውን ከአደባባይ አታስነሡት

አንድ ሠዓሊ ሸራውንና ቀለሙን ተሸክሞ ከመንገድ ዳር ወይም ከአደባባይ ጥግ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ የሚታየውን ተራራ፣ ዛፍ፣ ቤትና ገበያ ለመሣል ብሩሹን ባነሣ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ቀድሞ የሚደርሰው የዘበኛ ጥያቄ ነው። «ማን ፈቀደልህ? ይህን የምትሥለውስ ለማን ነው?» ይባላል። ሠዓሊውም የሚያሳየው ወረቀት ስለሌለው ዕቃውን ሰብስቦ ይነሣል። ይህ ነገር ለአንዳንዶች ትንሽ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። እኛ ግን ትንሽ ነው አንልም። አገሩን ተመልክቶ የሚሥል ሰው ከአገሩ ፊት ሲባረር፣ የሚጎዳው እሱ ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን ሊያይ የነበረው ትውልድ ሁሉ ነውና።

ሠዓሊን እንደ ሰላይ መቍጠር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርዝ እ.ኤ.አ. በ1748 በፈረንሳይ አገር የካሌን ከተማ በር ሲነድፍ፣ ምሽግ ይሰልላል ተብሎ ተያዘና ወደ አገሩ እንዲመለስ ተደረገ። እሱም እንደ ተመለሰ ያንኑ በር በቀለም ሠርቶ፣ ራሱን በአንድ ጥግ ሆኖ ሲነድፍ፣ የያዡም እጅ በትከሻው ላይ ሲያርፍ አሳየበት። ያሳሪዎቹን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። በእርግጥ በጥበቃ ሥር ሊሆን የሚገባው ስፍራ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ዘመኑ ማንም ሰው ከኪሱ ባወጣው ስልክ በቅጽበት ፎቶግራፍ የሚያነሣበት፣ ሳተላይትም ከሰማይ ሆኖ የጣራውን ሁሉ ምስል የሚያነሣበት ዘመን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ በሰው ሁሉ ፊት ተቀምጦ፣ ሥራውን ለአላፊ አግዳሚው የሚያሳይ ሰላይ ከቶ ወዴት ይገኛል?

«ፎቶግራፍ እያለ በፀሐይ መጠበስ ለምን?» የሚሉም አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱ ያለው ከብርሃኑ ላይ ነው። የሰው ዐይን የነጣውን ደመናና ከባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ጥላ ሁለቱንም እየለየ ያያል፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን ደመናውን ልያዝ ሲል ጥላውን ያጠቍረዋል፤ ጥላውን ልግለጥ ሲል ደመናውን ያጠፋዋል። ይልቁንም በደጋው አገራችን ብርሃን ፈጥኖ ይለወጣል፤ በማለዳ ረዥም የነበረው ጥላ እኩለ ቀን ላይ ከእግር ሥር ይገባል። የመስከረም እንጦጦ በዝናም ታጥቦ ቅርብ መስሎ ሲታይ፣ የበጋው እንጦጦ በአቧራ ተጋርዶ ይርቃል። ጆን ኮንስተብል የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 በሐምፕስቴድ ሰማዩን ብቻ ደጋግሞ ሲሥል፣ ከብዙዎቹ ሥዕሎች ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ይጽፍ ነበር። ከፖስት ካርድ እየቀዳ ጎጆና ግመል የሚያባዛ እጅ ግን ቀንም ሰዓትም የለውም፤ ሺህ ጊዜ ቢሥል ያው አንድ ሥዕል ነው።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ የእኛ ሥዕል በቤተ መቅደስ ግድግዳና በብራና ላይ ያለው ነው» ይሉናል። የአባቶቻችንን ሥዕል ክብር ማንም አይነካውም። ሆኖም የዘይት ቀለም ይዞ ሜዳ መውጣት ለፈረንጅም ቢሆን ለብዙ ዘመን የማይመች ነገር ነበር። ቀለሙ በዐሣማ ፊኛ እየተቋጠረ ይያዝ ነበርና፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ የቆርቆሮውን ቱቦ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። በእኛስ ዘንድ ከደጅ ወጥቶ መፍጠር ባዕድ ነገር ነውን? የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ያን ተማሪ «ከዚህ ዛፍ ሥር እንድትቀመጥ ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ያስነሣ መንደር አልሰማንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ሠዓሊ ደጋግሞ ያየው ስፍራ ጠባቂ ያገኛል። በፈረንሳይ አገር በባርቢዞን መንደር የነበሩት ሠዓሊዎች፣ ከእነርሱም ዋነኛው ቴዎዶር ሩሶ፣ የፎንቴንብሎን ደን ጥንታዊ ዛፎች ከመጥረቢያ ለማዳን ስለ ጮኹ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው ደን ስለ ውበቱ እንዲጠበቅ በአዋጅ ተወሰነ። አሜሪካ የሎውስቶንን ፓርክ ከማቋቋሟ 11 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እኛስ? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መፍረሳቸው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለብቻው ነው፤ ነገር ግን ሰገነታቸውን፣ የእንጨት ደረጃቸውንና የዛገ ቆርቆሯቸውን ከፊታቸው ተቀምጦ የሣለ ስንት ሰው ነበር? ያልተሣለ ነገር ሁለት ጊዜ ይፈርሳል፤ አንድ ጊዜ ከምድር፣ አንድ ጊዜ ከልብ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለሥልጣኖች መንገድ ያልዘጋና ከተከለከለ ስፍራ ያልገባ ሠዓሊ ፈቃድ እንዳይጠየቅ ለዘበኞችና ለደንብ አስከባሪዎች በግልጽ ያስታውቁ፤ በከተማችን የተዘረጉት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች አንድ በርጩማ የሚያኖሩበት ቦታ አያጡም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል አውጥተው ዛፍና ሰማይ ፊት ያስቀምጧቸው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያወጣቸው እጆች ከአራት ግድግዳ መካከል ብቻ እንዲቀሩ የሚፈልግ ያለ አይመስለንም። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ተጠየቅን ብላችሁ አትሽሹ፤ ሥራችሁን ለጠያቂው አሳዩት፤ ከሥዕላችሁ ላይ የሚያውቀውን ቤትና ዛፍ ሲያገኝ፣ እሱ ራሱ ጠባቂያችሁ ይሆናልና።

አደባባይ የሕዝብ ነው ከተባለ፣ ቆሞ መመልከት የሕዝብ ነው፤ የተመለከቱትንም መሣል እንዲሁ።